ያልተረጎምኩት አንድ ዓረፍተ ነገር

ከሥራ የተሰናበትኩ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ኬክ አስቆረሰልኝና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ "ቶሎ በል፣ ሌላ ባለጉዳይ እየጠበቀ ነው" ሲሉኝ የኖሩ ሰዎች ሰዓት ቢሰጡኝ አይደንቅም። የክፍሉ ኃላፊ፣ ልጄ የምትሆን ሴት፣ ከእንግዲህ አብዛኛው ትርጉም በስልክ እንደሚሠራ በትሕትና አስረዳችኝ። "ስልኩ ከንባትኛ ያውቃል?" አልኳት። አወጣችና ፈለገች፤ ካጣችው በኋላ ሳቀች። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

ሰዓቱን ለአከራዬ ሰጠሁት። ከቢሮው ይዤ የወጣሁት አሥራ አንድ የጫማ ካርቶን ነው። ውስጣቸው ካርድ ነው፤ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ አንድ የከንባትኛ ቃል፣ ከጎኑ አማርኛው፣ ከሥሩ ደግሞ ዙሉው ተጽፏል። ሰው የሥራ ዘመኑን ሲያወራ የተሳካለትን ያስቀድማል። ለእኔም የሚወራ አይጠፋኝም ነበር። ነገር ግን ከአሥራ አንዱ ካርቶን አንዱ፣ ከታች እስከ ላይ፣ ከአንዲት ሴት አፍ የተገኘ ነው፤ ይህችን ሴት ደግሞ በድያታለሁ። የምጽፈው ስለዚያ ነው።

ስሜ ጴጥሮስ ይባላል። ከዱራሜ ማዶ ባለች ቀበሌ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። ጆሃንስበርግ ስገባ ማስተማሩ ቀርቶ ሥራዬ አይቮሪ ፓርክ ስፓዛ በሚሏት ባንድ ያገሬ ሰው የሰፈር ሱቅ ውስጥ መቆም ሆነ። ማለዳ ከመሃል ከተማ ዕቃ አመጣለሁ፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ በብረት ፍርግርጉ መስኮት እሸጣለሁ። ዙሉ የተማርኩት በዚያች መስኮት ነው። ደንበኛ ሲጠራ የሰማሁትን ቃል በዳቦ ማዘዣው ደብተር ጀርባ እጽፋለሁ፤ አስተማሪ ነበርኩና ያልጻፍኩት ነገር አይያዝልኝም። የሱቁ ባለቤት "መምህር፣ ቃሉን ተወውና ሳሙናውን ደርድር" ይለኝ ነበር።

አስተርጓሚ የሆንኩት ማንም ሳይጠራኝ ነው። አንድ የአገሬ ሰው ከቤት አከራዩ ጋር ተጣልቶ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ብቻውን እንዳይሆን ብዬ አብሬው ሄድኩ። የተመደበለት አስተርጓሚ አማርኛ ነው የሚናገረው፤ የእኛ ሰው አማርኛ ደግሞ ከገበያ አያልፍም። ዳኛው ይጠይቃሉ፣ አስተርጓሚው ይተረጉማል፣ ሰውየው ጎንበስ እያለ "እሺ፣ እሺ" ይላል። መታኸው? እሺ። ሆን ብለህ ነው? እሺ። አስተርጓሚው ሁሉንም "አዎን" እያለ ያስተላልፋል። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲናገር እሺ የሚባለው ተናጋሪው ትልቅ ስለሆነ ነው፤ የነገሩ እውነትነት ሌላ ጉዳይ ነው። አላስችል አለኝ። ከተመልካች ወንበር ተነሥቼ በሰባራ እንግሊዝኛዬ "ጌታዬ፣ ይህ ሰው እያመነ አይደለም፣ እያከበረዎት ነው!" ብዬ ጮህኩ። ፖሊሱ ክንዴን ይዞ አስወጣኝ። ትንሽ ቆይቶ ያው ፖሊስ መጣና ዳኛው እንደሚፈልጉኝ ነገረኝ።

ስሜ ዝርዝር ውስጥ የገባው እንዲህ ነው። ይህን ጩኸቴን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እፈልጋለሁ። ያን ጊዜ ደረቴ ላይ ባጅ አልነበረም፤ የሚወሰድብኝም ነገር አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት፣ ሆስፒታል፣ በመጨረሻም ሰዎቻችን "ወረቀት ቤት" የሚሉት፣ የስደተኛ ፈቃድ የሚሰጥበት ቢሮ ተመደብኩ። ክፍያው በሰዓት ነው፤ በወሩ መጨረሻ የሚሞላው ቅጽ ግን ከሥራው ይበልጥ ያደክማል። የመጀመሪያው አለቃዬ ሥራውን በአንድ ቃል አስተማረኝ። "አስተርጓሚ ቱቦ ነው፤ በዚህ የገባው በዚያ ይወጣል፤ ቱቦ አስተያየት አይሰጥም" አለኝ። ከባለጉዳዩ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ መቀመጥን፣ "እሱ እንዲህ አለ" ማለትን ትቶ "እኔ" እያሉ መናገርን፣ ዓይንን መሬት ላይ ማዋልን ከእሱ ተማርኩ። ጥሩ ሙያ ነው፣ አልክደውም። ሆስፒታል ውስጥ ግን ቱቦነት አላዋጣኝም። ሐኪም "ሕመሙ ከአንድ እስከ አሥር ስንት ይሆናል?" ሲል የእኛ እናቶች "ጌታ ይመስገን" ብለው ይመልሳሉ። እኔም እንዳለ እተረጉምና፣ "ዶክተር፣ ፈቃድዎ ከሆነ ይህ ቁጥር አይደለም፤ ሌሊት ትተኛለች ወይ ብለን እንጠይቃት" እላለሁ። ብዙ ሐኪሞች ያመሰግኑኛል። አለቃዬ ግን በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ።

ባባ ምኪዜን ያገኘኋቸው ትሮይቪል በተከራየሁበት ግቢ ነው። ክፍላቸው ከክፍሌ ፊት ለፊት ነበር። ጡረታ የወጡ የዙሉ አስተማሪ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ደግሞ የዙሉ ቃላት ሲለቅሙ የኖሩ ሰው። አልጋቸውን ዙሪያውን የከበበው የጫማ ካርቶን ነው። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ጫማ ነጋዴ መስለውኝ ዋጋ ጠየቅኳቸው። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ያስተማሩኝም በልማዳቸው ነው። በእርሳስ ብቻ ይጽፋሉ። በእስክሪብቶ የሚጽፍ ሰው ነገ የሚሰማውን ከአሁኑ ንቆታል ይላሉ። አንድን ቃል ከሦስት ሰው አፍ ሳይሰሙ ካርዱን ካርቶን ውስጥ አይከቱትም፤ ከሦስቱ አንዷ የግድ ሴት ናት። ቃሉን የሰጠው ማን እንደሆነና የት ቆሞ እንደተናገረው ከካርዱ ጀርባ ይጽፋሉ። አዲስ ቃል የነገራቸውን ሰው ባርኔጣቸውን አውልቀው ያመሰግናሉ፤ ቲማቲም የምትሸጥ ሴትም ትሁን የታክሲ ሰልፍ የሚያስከብር ሰካራም፣ ባርኔጣው ይወልቃል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ከየጥቂት ካርዱ ኋላ አንድ ባዶ ካርድ ማስገባታቸው ነው።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ባባ?"

"ያላወቅሁት ቃል ወንበር" አሉኝ። "ቦታ ያልተያዘለት እንግዳ ከበር ይመለሳል።"

አንድ ቀን፣ መቼም ዳኛም ሐኪምም እንግሊዝኛ እያለው መዝገበ ቃላት ለማን ይጠቅማል ብዬ ሞገትኳቸው። እርሳሳቸውን በቢላ እየቀረጹ ቀስ ብለው መለሱልኝ። ትልቅ ቋንቋ መንግሥት አለው፣ ትምህርት ቤት አለው፣ አለሁ ብሎ መማል አያስፈልገውም አሉኝ። ትንሹ ቋንቋ ግን ብቻውን ሲቆም ማንም አያየውም፤ ከሌላ ቋንቋ ጎን በአንድ ገጽ ላይ ስታስቀምጠው ግን አንዱ ለሌላው ምስክር ይሆነዋል። የመጀመሪያውን ባዶ ካርቶን የሰጡኝ ያን ዕለት ነው።

የከንባትኛ ቃል መሰብሰብ ጀመርኩ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ያገሬን ባለሱቆች ይዤ እጠይቃለሁ። በሁለት ዓመት አራት ካርቶን ሞላሁ። ባባ ምኪዜ አንድ በአንድ እያገላበጡ ጀርባውን አነበቡ፦ አቶ እገሌ፣ አቶ እገሌ፣ አቶ እገሌ።

"ሴቶቹስ?"

"ሴቶቻችን እሑድም ሱቅ አይዘጉም ባባ፤ አላገኛቸውም። ደግሞም ያንኑ ቃል ነው የሚናገሩት።"

"ያንኑ ነው ብሎ የነገረህ ማን ነው?" አሉና ካርቶኑን መለሱልኝ። ይህንንም አቶ እገሌ ብዬ እንዳልመልስላቸው አፈርኩና ወደ ክፍሌ ገባሁ።

እዚህ ላይ ስለ ባሊሻ መናገር አለብኝ። ባሊሻ የአገራችን ያገቡ ሴቶች ወግ ነው። ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ ሳይሆን ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምሩ ቃላትንም አትናገርም፤ በእነሱ ፋንታ ሴቶች እርስ በርስ የሚያውቋቸው ሌሎች ቃላት አሏቸው። እናቴ እስክትሞት ድረስ የአያቴን ስም ከአፏ አልሰማሁም። ስም ለመጥራት ስትገደድ ወደ እኔ ዞራ "አንተ ንገራቸው" ትለኝ ነበር፣ እኔም እነግርላታለሁ። እኛ ዘመናዊ ነን ያልን ሰዎች ግን ይህን ወግ ከኋላ ቀርነት ቆጥረን ትተነዋል። ሰባኪዎቻችንም ተዉት ይሉ ነበር። ብዙ ሴቶችም ጆሃንስበርግ ሲገቡ ትተውታል።

ታደለች አልተወችም ነበር። ካትሌሆንግ ሱቅ ያለው ማርቆስ የሚባል ያገሬ ልጅ ሚስት ናት። መጥታ ጥቂት ወራት ብቻ ነበር የሆናት፣ እርጉዝም ነበረች፤ በባሏ ፋይል ሥር እንድትመዘገብ ወረቀት ቤት ቀረበች። ደንቡ ባልና ሚስትን ለየብቻ መጠየቅ ነው፤ መልሳቸው ከገጠመ ባልና ሚስት ናቸው፣ ካልገጠመ አይደሉም። ማርቆስ ቀድሞ ተጠይቆ በር ላይ ቀርቷል። መርማሪዋ ያገባች፣ ረጋ ያለች የዙሉ ሴት ነበረች። የሁለቱም አስተርጓሚ እኔ ነኝ።

የመንደሯን ስም፣ የሠርጉን ቀን፣ የመጣችበትን መንገድ ሁሉ በደንብ መለሰች።

"የባልሽ ሙሉ ስም?"

"ማርቆስ።"

"ማርቆስ ማን?"

እኛ አገር የሰው ሙሉ ስም ማለት የራሱና የአባቱ ስም ነው። የማርቆስ የአባቱ ስም ለታደለች የባሏ አባት ስም ነው። አንገቷን ደፋች፣ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች። እኔ ያን ሻሽ ሳይ የእናቴን እጅ አየሁ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ አልገባኝም ብዬ ልዋሽ አልችልም።

"ታውቀዋለች ወይስ አታውቀውም? እንደገና ጠይቃት" አለች መርማሪዋ።

ጠየቅኋት። ታደለች ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና በከንባትኛ እንዲህ አለችኝ፦

"ጋሼ፣ እርሶ ያገሬ ሰው ኖት። እርሶ ይንገሯቸው።"

በሥራ ዘመኔ ስንት ሺህ ዓረፍተ ነገር እንደተረጎምኩ አላውቅም። ያቺን አልተረጎምኩም። ደቂቃ አይሞላም ያሰብኩት። ስሙን እኔ ከተናገርኩ ባጄን አጣለሁ፤ ማስጠንቀቂያ ሁለት ጊዜ ተጽፎብኛል። ግን የተናገረችውን ብቻ ማስተላለፍ እኮ ሥራዬ ነበር፤ ማንም አይቀጣኝም። የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። መርማሪዋ "ለምን አንተ ትነግረኛለህ?" ብትለኝ ባሊሻን ላስረዳ ነው። ያቺ ኮት የለበሰች፣ ኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠች ሴት "እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ናቸው" ስትል ታየኝ። በታደለች አፈርኩ። በእናቴም አፈርኩ ማለት ነው። ቱቦ ነኝ አልኩና ተደበቅሁ።

"መልስ የላትም" አልኩ።

መርማሪዋ የባሏን ሙሉ ስም አታውቅም ብላ ጻፈች። ጥያቄው ውድቅ ሆነ። ስንወጣ ማርቆስ በር ላይ "እንዴት ሆነ ጋሽ ጴጥሮስ?" አለኝ። "አልገጠመም" ብዬው ወደሚቀጥለው ባለጉዳይ ገባሁ። ታደለች አጠገቤ ቆማ ትሰማኝ ነበር።

ወራት አለፉ። አንድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን የእነ ማርቆስ ሕፃን ልጅ እንደሞተች ተነገረ። ከባለሱቆቹ ጋር ለቅሶ ልደርስ ካትሌሆንግ ሄድኩ። ማርቆስ በዝቅተኛ ድምፅ አወራኝ። ምጥ ሲይዛት ክሊኒክ እንሂድ ሲላት ወረቀት ይጠይቁኛል፣ ይይዙኛል ብላ እምቢ ማለቷን ነገረኝ። ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል በጎረቤት ሴት እጅ ወለደች። ልጅቷ አንድ ቀን ኖረች።

"እኔ እንጃ ጋሽ ጴጥሮስ" አለኝ። "ሁሉን ታውቃለች፤ መልሳችን ምኑ ላይ ነው ያልገጠመው? ብጠይቃት አትናገርም።"

አልነገረችውም ማለት ነው። ያገሬን ሰው ለምኜው ዝም አለኝ አላለችም። ከጓዳ ወጥታ ሳጥን ገልብጣ "ጋሼ ይቀመጡ" አለችኝና የሚጠጣ አቀረበችልኝ። ብርጭቆውን በሁለት እጄ ተቀብዬ ጠጣሁ። አገራችን "ዝም አይነቅዝም" ይባላል። ስመለስ ታክሲው ውስጥ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። የእኔ ዝምታ ነቅዞ ሰው ገድሏል።

በማግስቱ ማለዳ ለባባ ምኪዜ ሁሉንም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ተነሥተው ከካርቶኖቻቸው አንዱን ሳቡና አንድ ካርድ አውጥተው እጄ ላይ አኖሩ። ህሎኒፓ ይላል። ያገባች የዙሉ ሴት የባሏን አባት ስም፣ ስሙን የሚመስሉ ቃላትንም፣ ስለ አክብሮት አለመጥራቷ። ከጀርባው የሦስት ሰዎች ስም አለ፤ ሦስቱም ሴቶች ናቸው። የመጀመሪያዋ የእናታቸው ስም ነበር።

አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት። ከግቢው ማዶ፣ ከአልጋዬ አሥር እርምጃ በማይርቅ ቦታ ላይ ይህ ካርድ ስንት ዓመት ተቀምጧል።

"መርማሪዋ የማን ልጅ ናት አልከኝ?" አሉ።

"ዙሉ ናት። ያገባች።"

"እንግዲያው አንድ ወግ ያላቸው ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር" አሉና ባርኔጣቸውን ደፉ። "ተነሥ እንሂድ።"

በቃለ መሐላ ጻፍኩ፦ ባለጉዳይዋ የተናገረችውን ቃል ሰምቼ ሆን ብዬ አላስተላለፍኩም። የጻፍኩትን ያየ ጠበቃ ይህ ወረቀት ሥራህን ይበላዋል ብሎ አስጠነቀቀኝ። ይብላው አልኩት። ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ሲወሰን ያቺው መርማሪ ፊት ቀረብን። ለታደለች ሌላ አስተርጓሚ ተመድቦላታል፤ እኔ ምስክር ነኝ። ባባ ምኪዜ በትራቸውን ተደግፈው "ሳውቦና ልጄ" ብለው ሰላም አሏትና ካርዱን ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩ። ከሥሩ በነበረው ባዶ መስመር ላይ ያን ዕለት ጠዋት በእርሳስ ጽፌበታለሁ፦ ባሊሻ።

መርማሪዋ ረጅም ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ያን ቀን ምን ነበር ያለችው?"

"እርስዎ ያገሬ ሰው ነዎት፣ እርስዎ ይንገሯቸው ነው ያለችኝ።"

"አንተስ ለምን አልነገርከኝም?"

"አፈርኩ።"

"በማን?"

"በእሷ። በወጋችን። ኋላ ቀር ትሉናላችሁ ብዬ።"

ብዕሯን አስቀመጠች። "እኔ ካገባሁ ጀምሮ የባሌን አባት ስም ጠርቼ አላውቅም" አለች። "ይህን ኮት ለብሼም፣ ይህ ወንበር ላይ ተቀምጬም አልጠራም። አፍረህ የሸሸግኸው ከእኔ ነው እንዴ?"

 ከእኔ ዞር ብላ ታደለችን አየቻት። ሆዷን ያኔ አይታው ነበርና "ሕፃኑስ?" ብላ በአስተርጓሚው ጠየቀቻት። ታደለች ራሷን ነቀነቀች። መርማሪዋ ብዕሯን መልሳ አነሣች።

ወረቀቱ ወጣላት። እኔን ከዝርዝሩ ለአንድ ዓመት ሰረዙኝ፤ ተገቢ ነው፣ ያንሳል እንጂ አይበዛም። ወደ አይቮሪ ፓርኳ መስኮት ተመለስኩና ሳሙና ደረደርኩ። ይቅርታ ልጠይቃት ካትሌሆንግ የሄድኩት በዚያ ዓመት ነው። ማርቆስ ያኔ ሁሉን አውቋል፤ ሰላም አለኝና ዕቃ ላመጣ ነው ብሎ ወጣ። ሰላምታው ልክ እንደ ቀድሞው እስኪሆን ብዙ ጊዜ ፈጅቷል፤ አልፈርድበትም።

ይቅርታዬን እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ "ጋሼ፣ እኔን ወደዚህ ለመላክ በሬያቸውን ፈትተው የሸጡት እሳቸው፣ የባሌ አባት ናቸው። ለመንገድ ስነሣ ራሴ ላይ እጃቸውን ጭነው መረቁኝ። ለወረቀት ብዬ ስማቸውን አፌ ላይ ልጣለው?"

"አልጠየቅኩሽም" አልኳት። "እኔ ነበርኩ መናገር የነበረብኝ።"

"እሱስ አዎ" አለችኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ስወጣ ግን የያዝኩት ካርቶን ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የባባ ምኪዜን ሥራ አስረዳኋት። ካርዶቹን እያነበብኩላት ትሰማ ጀመር። አንዱ ላይ ስደርስ "ይሄን እኔ አልለውም" አለች። ሌላ ላይም እንዲሁ። "ታዲያ ምን ትያለሽ?" አልኳት። ነገረችኝ። ሠላሳ ዓመት በከንባትኛ ውስጥ ኖሬ ሰምቼው የማላውቀው ቃል ነው፤ ማለቴ ከእናቴ አፍ ሰምቼው ነበር፣ ግን ቃል ነው ብዬ ቆጥሬው አላውቅም። ባርኔጣ አልነበረኝም፤ ካፖርቴ ላይ የተሰፋውን ቆብ ከራሴ ላይ ገፍቼ አመሰገንኳት። ምን እየሠራሁ እንደሆነ አልገባትም።

ከዚያ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ እሷም በሱቁ መስኮትና በጓዳው መካከል እየተመላለሰች ትነግረኛለች። ከወንዶች የሰበሰብኩትን እየሰማች ታርማለች። ሌሎች ሴቶችን ትጠራልኛለች፤ እያንዳንዷ የማትጠራው ስም የተለየ ስለሆነ እያንዳንዷ የምትሰጠኝ ቃልም የተለየ ነው። ትተነዋል ያሉት ሴቶች እንኳ እርስ በርስ ሲጫወቱ እንዳልተዉት ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ ወንዶች ነን ተውት ያልነው። ታደለች የራሷ ጣጣም ነበረባት። በአዲሱ ወረቀቷ ላይ እንደ አገሩ ደንብ በባሏ አባት ስም ተመዝግባለች፤ ክሊኒክ ስሟን ሲጠይቋት ወረቀቱን በመስኮቱ ስር ትገፋላቸዋለች እንጂ አትናገርም። እየሳቀች ነው የነገረችኝ፤ አብሬያት ሳቅሁ፣ ወዲያው ግን ክሊኒክ የሚለው ቃል ሳቃችንን አቋረጠው።

ማንበብና መጻፍ አታውቅም ነበር። ያስተምሩኝ ያለችኝ እሷ ናት። ሀ ሁ ስንል ስንት ዓመት የተውኩት ሥራዬ ተመለሰልኝ። ዝናብ ሲሆን ደንበኛ ስለሚቀንስ ብዙ ፊደል እንይዛለን። ባባ ምኪዜ በመሃሉ ዐረፉ። በቀብራቸው ዕለት ባርኔጣቸው ለእኔ እንዲሰጥ ተናዝዘው ነበርና አሁን የምደፋው እሱን ነው፤ ትንሽ ይሰፋኛል።

እንግዲህ ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። ከቢሮው በወጣሁ በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ የመጨረሻውን ካርቶን ይዤ ካትሌሆንግ ሄድኩ። መጽሐፉ በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ ሊጠረዝ ነው፤ መጀመሪያው ገጽ ላይ ቃል የሰጡ ሰዎች ስም ይሰፍራል። ወንዶቹ በሙሉ ስማቸው አሉ። የታደለችን እንዴት ላድርገው? በአባቷ ስም ልጻፍሽ፣ ወይስ ታደለች ብቻ ልበል ብዬ ጠየቅኋት።

"ወረቀቴ ላይ እንዳለው" አለችኝ።

"የማትጠሪውን ስም?"

"አፌ ነው ምራት። እጄ ምራት አይደለችም።"

ከካርቶኑ አንድ ባዶ ካርድና እርሳስ ሰጠኋት። ደንበኛ መስኮቱን አንኳኳ፤ ማርቆስ "አንድ ጊዜ ባባ" ብሎ በዙሉ መለሰለት። ታደለች ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ከንፈሮቿን ጥርቅም አድርጋ ይዛ፣ ስሙን አንድ አንድ ፊደል እየሣለች ጻፈች።  አራት ፊደል ነው። ያን ቀን ወረቀት ቤት ጎሎ የቀረው አራት ፊደል ብቻ ነበር።

ጨርሳ ካርዱን በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

"ጋሼ፣ እርሶ ያገሬ ሰው ኖት" አለችኝ። "እርሶ ይንገሯቸው።"

ባርኔጣዬን አወለቅሁ። መስኮቱ ላይ የቆመው ደንበኛ፣ ማርቆስም፣ እሷም እንዲሰሙ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ ላምቤቦ።